‹ነአኩቶ ለአብ›፦ የአንድ ስም ፍቺና አገባብ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ ተማሪ ይዞልኝ የመጣው የምስክር ወረቀት ነው። ተማሪው የላስታ ተወላጅ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነአኩቶ ለአብ ይባላል። በወረቀቱ ላይ ግን «ስም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ‹ነአኩቶ›፣ «የአባት ስም» በሚለው ውስጥ ‹ለአብ› ተብሎ ተጽፏል። የወለደው አባቱ ስም ወደ ሦስተኛው ሣጥን ተገፍቶ አያት ሆኗል፤ የአያቱ ስም ከነጭራሹ የለም። አባትየው ከሞቱ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። «የአባቴ ልጅ መሆኔን የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለኝም» አለኝ። ከእኔ የፈለገው ሁለቱ ቃላት አንድ ስም መሆናቸውን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ነበር።

ጻፍኩለት። ነገር ግን ያቺን አንዲት ገጽ ስጽፍ፣ «ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ናቸው» ማለት ቀላል ሆኖ ለምን አንድ እንደሆኑ ማስረዳት ግን ሰፋ ያለ ነገር እንደሚጠይቅ ተረዳሁ። ስሙ የግእዝ ሰዋስውን፣ የዛጉዌን ዘመን የስም አወጣጥ፣ የሥርዓተ ቅዳሴን ቋንቋና የዛሬውን የመዝገብ ቤት አሠራር ያገናኛል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ነአኩቶ ለአብ ከሁለት ስሞች የተገጠመ ሳይሆን ከግስ፣ ከባለቤትና ከተሳቢ የቆመ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መሆኑን፣ የስሙም ትርጉም ያለው በዚሁ አገባብ ውስጥ መሆኑን ነው።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በቦታው ነው። ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዋሻው ጣራ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የተቀመጡ የድንጋይ ማጠራቀሚያዎች ይቀበሉታል፤ ምእመናን ጠበል ብለው ይወስዱታል። ቤተ ክርስቲያኑ በንጉሡ ስም ይጠራል። በአካባቢው አነጋገር ግን ስሙ ተጨፍልቆ ‹ናኩቶ ላብ› ነው የሚባለው። በልጅነቴ ዘመዶቼ ይዘውኝ ሲሄዱ ጣራውን ቀና ብዬ አይቼ ‹ላብ› የሚሉት የድንጋዩን ላብ ነው ብዬ አመንኩ። ድንጋዩ ሲያልበው በዓይኔ አየሁት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ‹ናኩቶ› የሚለውን ደግሞ የዋሻው ስም አደረግሁት። ይህን ፍቺ የተውኩት ግእዝ መማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አሁን ሳስበው ስሕተቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአማርኛ ‹ለ› የሚለው መስተዋድድ በ‹አ› ከሚጀምር ቃል ፊት ሲገባ ሁለቱ አናባቢዎች ይዋጣሉ፤ ‹ለአባቱ› ‹ላባቱ›፣ ‹ከአገር› ‹ካገር› እንደሚሆነው ሁሉ ‹ለአብ›ም ‹ላብ› ይሆናል። በዚህ ላይ አካባቢው ውኃውን የሚያይበት መንገድ ከእኔ የልጅነት አስተሳሰብ እጅግ የራቀ አይደለም። በትውፊቱ መሠረት ንጉሡ የክርስቶስን ሕማም እያሰበ ያነባ ነበርና ድንጋዩ የሚያንጠባጥበው በዕንባው ፈንታ ነው ይባላል። ልጁ ላብ አለው፤ ትውፊቱ ዕንባ ይለዋል። የቅኔ መምህር ቢሆን ደግሞ ‹ለአብ›ንና ‹ላብ›ን ኅብር አድርጎ በአንድ ቤት ውስጥ ባስገባቸው ነበር። እኔ ግን እዚህ የተነሣሁት ለሰምና ወርቅ ስላልሆነ ወደ ቃሉ ልመለስ።

የስሙ የመጀመሪያ ቃል በጥንቱ አጻጻፍ ‹ነአኵቶ› ነው። ‹ኵ› ዲቃላ ከሚባሉት ፊደላት አንዱ ሲሆን አማርኛ በአብዛኛው በ‹ኩ› ተክቶታል፤ ‹ኵላሊት› ‹ኩላሊት›፣ ‹ቍስል› ‹ቁስል›፣ ‹ጕልበት› ‹ጉልበት› እንደሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ‹ነአኩቶ› ብሎ መጻፍ የፍቺ ለውጥ አያመጣም። ‹ናኩቶ› ብሎ መጻፍ ግን ሥሩን ይደብቃል፤ ምክንያቱም የሥሩ የመጀመሪያ ፊደል ‹አ› ስለሆነ እርሱ ሲዋጥ ግሱን በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሥሩ አኰተ ነው። ከዲልማን (1865 እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.) በኩል እስከ ሌስላው (1987 እ.ኤ.አ.) ድረስ ያሉት መዝገበ ቃላት በፍቺው ይስማማሉ፤ አመሰገነ፣ አከበረ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የሚወጣው ‹አኰቴት› የሚለው ስም ለካህናት የዕለት ተዕለት ቃል ነው። በቅዳሴው ውስጥ ጸሎተ አኰቴት የሚባል ጸሎት አለ፤ የቅዳሴው ዋና ክፍልም አኰቴተ ቁርባን ይባላል። የግሪኩ ‹ኤውካሪስቲያ›ም ፍቺው ምስጋና መሆኑን ስናስታውስ የግእዙ ቃል ዝም ብሎ «አመሰግናለሁ» የሚባልበት ተራ ቃል አለመሆኑ ይታያል። ማኅበር ቆሞ በአንድ ድምፅ የሚያቀርበው ምስጋና ነው።

የቃሉ ግንባርና ጅራት ደግሞ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ግንባሩ ላይ ያለው ‹ነ› ባለቤቱን ያመለክታል፤ «እኛ» ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው የ‹ኦ› ድምፅ ተሳቢውን ያመለክታል፤ «እርሱን» ማለት ነው። እንግዲህ ‹ነአኵቶ› ብቻውን «እናመስግነው» ወይም «እናመሰግነዋለን» የሚል ሙሉ ሐሳብ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአማርኛ ተናጋሪን የሚያሳስተው ሁለተኛው ቃል ነው። ‹ለአብ› ሲባል ጆሯችን ወዲያው ‹ለአባት› ብሎ ይተረጉመዋል፤ ለእገሌ ተሰጠ፣ ለእገሌ ተላከ እንደምንለው ዓይነት። የግእዙ ‹ለ› ግን እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ሥራ ነው ያለው። ግእዝ ተሳቢን የሚያመለክተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የተሳቢውን የመጨረሻ ፊደል ወደ ግእዝ ፊደል በመለወጥ ነው፤ ‹ርእየ ንጉሠ› ስንል ‹ንጉሥ› ‹ንጉሠ› ሆኗል። ሁለተኛው ተሳቢው የታወቀና የተለየ ሲሆን ግሱን በዝርዝር አሥሮ ተሳቢውን በ‹ለ› ማስከተል ነው፤ ‹ርእዮ ለንጉሥ› ስንል «ንጉሡን አየው» ማለት ነው። በሁለተኛው መንገድ በግሱ መጨረሻ ያለው ‹ኦ› እና ከስሙ በፊት ያለው ‹ለ› እንደ መቆለፊያና ቁልፍ የተሳሰሩ ናቸው። አንዱ ያለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ‹ለአብ› ውስጥ ያለው ‹ለ› የአማርኛው ‹ለ› ሳይሆን የአማርኛው ‹ን› አቻ ነው። ነአኩቶ ለአብ፦ አብን እናመስግነው።

‹አብ›ስ ማን ነው? በግእዝ ‹አብ› ወላጅ አባትም፣ ከሦስቱ አካላት አንዱም ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ወላጁን ‹አባት› ስለምንለው ‹አብ› ለሥላሴ ብቻ ቀርቷል። በዚህ ስም ውስጥ ወላጅ አባት እንዳልሆነ ለማወቅ የግሱ ዓይነት ይበቃል፤ አኰቴት የሚቀርበው ለአምላክ ነውና። መዝገብ ጸሐፊው ‹ለአብ›ን «የአባት ስም» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ሲያስገባው እንግዲህ ሳያስበው ከባድ የነገረ መለኮት ጉዳይ ውስጥ ገብቷል። ተማሪዬ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

አሁን ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ። ‹ነአኵቶ› ትንቢት ነው ወይስ ትእዛዝ? ትንቢት ከሆነ «እናመሰግነዋለን»፣ ትእዛዝ ከሆነ «እናመስግነው» ይሆናል። የመጀመሪያው ያለውን ነገር ይናገራል፤ ሁለተኛው ይጋብዛል። በቅዳሴው ውስጥ ተመሳሳይ ቅርጽ ሲመጣ «እናመሰግናለን» ተብሎ የሚተረጎምበት ቦታ ስላለ ለትንቢት የሚሟገት ሰው መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም። እኔ ግን ወደ ትእዛዙ አደላለሁ። የማደላውም በሁለት ምክንያት ነው። አኰተን እንደ ቀደሰ ካረባነው ትንቢቱ እንደ ‹ይቄድስ› ሁለተኛውን ፊደል ወደ ኀምስ ሊያወጣው ይገባ ነበር፤ ‹ነአኵት› ግን የሚመስለው ትእዛዙን ‹ንቀድስ›ን ነው፤ ‹ን› ወደ ‹ነ› የተለወጠውም ከሚቀጥለው የጉሮሮ ፊደል የተነሣ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዘመኑ የስም አወጣጥ የሚገኝ ነው፤ ለእኔ ይበልጥ የሚመዝነውም ይኸኛው ነው።

በትውፊት የዛጉዌ ነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ከላሊበላ በፊት ይምርሃነ ክርስቶስን፣ ከነአኩቶ ለአብ በኋላ ይትባረክን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1270 መንግሥቱን የወሰደው ደግሞ ይኩኖ አምላክ ነው። እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ ብንፈታቸው አንድ ዓይነት ጠባይ ይታይባቸዋል። ይምርሃነ ክርስቶስ፦ ክርስቶስ ይምራን። ግሱ መርሐ ነው፤ ትንቢት ቢሆን ኖሮ ‹ይመርሐነ› በተባለ ነበር። ይኩኖ አምላክ፦ አምላክ ይሁንለት። ትንቢቱ ‹ይከውኖ› ነበር። ይትባረክ ትንቢቱም ትእዛዙም በጽሕፈት ስለማይለይ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ነገር ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲታይ ‹ይባረክ› ማለት መሆኑ አያጠራጥርም። እንግዲህ በአንድ አካባቢና በተቀራራቢ ዘመን ስም ሲወጣ ምኞትን፣ ልመናን፣ ጥሪን የሚገልጽ የትእዛዝ አንቀጽ መጠቀም የታወቀ ልማድ ነበር። ነአኩቶ ለአብን ከዚህ ሰልፍ ነጥሎ ትንቢት የሚያደርገው ምክንያት አይታየኝም።

በእነዚህ ስሞች መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እኔን በጣም የሚማርከኝም ይኸው ነው። በይኩኖ አምላክ ውስጥ የስሙ ባለቤት አለበት፤ አምላክ «ይሁንለት» የተባለው ለእርሱ ነው። በይምርሃነ ክርስቶስ ውስጥ ሕዝቡ አለ፤ «ይምራን» ሲባል የሚመሩት እኛ ነን፤ ንጉሥ ለሚሆን ሰው ደግሞ ተገቢ ስም ነው። በነአኩቶ ለአብ ውስጥ ግን ስሙ የወጣለት ሰው የትም የለም። ባለቤቱ እኛ ነን፤ ተሳቢው አብ ነው፤ ሕፃኑ በሰዋስው መንገድ ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ ቆሟል። እናት ልጇን ከደጅ ስትጠራው፣ ጎረቤት ሲያነሣው፣ ቄሱ በጸሎት ሲያስበው ሁሉም ሳያውቁት ‹እኛ› በሚለው ውስጥ ይገባሉ፤ አብን እናመስግነው ይላሉ። ልጁ የምስጋናው ምክንያት ነው፤ በስሙ ውስጥ ግን አልተጠቀሰም።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ ጨርሶ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛም ዐረፍተ ነገር የሆኑ ስሞች ሞልተዋል። በላቸው፣ ግዛቸውና ደምሰው ለልጁ የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው። ማንያዘዋል ጥያቄ ነው። ዓለማየሁ «ዓለም አየሁ» ማለት ሲሆን ተናጋሪው ወላጅ ነው፤ ልጁ እዚህም የለም፣ ወላጁ በእርሱ ምክንያት ያየው ዓለም ነው ያለው። የ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ደራሲ የሐዲስ ዓለማየሁ የአባት ስም በዚህ መንገድ ሲነበብ የአያቶቹን ደስታ የያዘ ስም ነው። ከነአኩቶ ለአብ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ዓለማየሁ ሲባል የሚናገረው አንድ ሰው ነው፣ ነአኩቶ ሲባል የሚናገሩት ብዙዎች ናቸው። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ የተነገረ ይመስላል፤ ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን።

ሴማውያን ሕዝቦችም ዐረፍተ ነገርን ለስም ሲጠቀሙበት የኖሩት ከጥንት ጀምሮ ነው። ሚካኤል በዕብራይስጥ «ማን እንደ አምላክ» የሚል ጥያቄ ነው፤ ከማንያዘዋል ጋር ቢቀመጥ አያፍርም። ናትናኤል «አምላክ ሰጠ» ማለት ነው። ናቡከደነፆር የምንለው የባቢሎን ንጉሥ ስም እንኳ በአካድኛ ናቡ የተባለውን ጣዖት «ወራሼን ጠብቅ» እያለ የሚለምን የትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ነው።

የነአኩቶ ለአብ ስም ሙሉ በሙሉ ግእዝ መሆኑም ሊታለፍ አይገባም። የዛጉዌ ነገሥታት አገው መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በስማቸው ውስጥ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አጎቱ ላሊበላ የሚጠራበት ስም የአገው ነው። ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡትና እናቱም ንብ ንግሥናውን አወቀ እንዳለች ገድሉ ይተርካል፤ የስሙ የመጀመሪያ ክፍልም ንብን ከሚጠራው የአገው ቃል ጋር ይገጥማል። ይኸው ንጉሥ በመሬት ስጦታ ሰነዶቹ ላይ ገብረ መስቀል የሚል የመንግሥት ስም አለው፤ እርሱ ግእዝ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ጠንጠውድምም በዑራ መስቀል በተገኘው ሰነድ ሰሎሞንና ገብረ መድኅን የሚሉ ስሞች ታክለውለት ይታያል። ንጉሡ በአንድ ስም ይወለዳል፣ በሌላ ይነግሣል ማለት ነው። ነአኩቶ ለአብን ግን በትውፊት የምናውቀው በዚህ በአንዱ የግእዝ ስም ነው። በትውፊቱ የላሊበላ ወንድም የሐርቤ ልጅ ነው፤ ገድሉን ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1943 አሳትሞታል። ገድሉ ከንጉሡ ዘመን እጅግ ዘግይቶ የተጻፈ ስለሆነ በስለ ስሙ አወጣጥ የሚናገረውን እንደ ታሪክ ሰነድ መውሰድ አይገባም። ስሙ ራሱ ግን ሰነድ ነው። በአገው ምድር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለአንድ ንጉሥ የግእዝ ዐረፍተ ነገር በስምነት መሰጠቱ የቅዳሴው ቋንቋ በዚያ ቤተ መንግሥት ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል።

ስሙ ከሰው ወደ ቦታ የተሻገረውም እንደ አጎቱ ነው። ሮሃ ይባል የነበረው ከተማ ዛሬ ላሊበላ ነው፤ ይምርሃነ ክርስቶስም ንጉሥም ዋሻ ቤተ ክርስቲያንም ነው። በላስታ «ነአኩቶ ለአብ ልሄድ ነው» ይባላል። እዚህ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ሦስተኛ ሥራ ይዟል፤ ጸሎት የነበረው ስም፣ ስም የነበረው መንገድ ሆኗል። በአካባቢው ለልጆች የሚሰጠውም ባብዛኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ተወስዶ ነው። የእኔ ተማሪ እናት ስሙን ያገኙት ከንጉሡ ታሪክ ሳይሆን ከጠበሉ ነበር።

አሁን ወደ ሣጥኖቹ ልመለስ። በልማዳችን የቤተሰብ ስም የለም። ሰው የራሱ ስም አለው፤ ቀጥሎ የአባቱ ስም ይጠራል፤ ካስፈለገ የአያቱ ይጨመራል። በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ይገባል፤ አንድ ስም ከኋላ ይወድቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 32 ጀምሮ ይህን ልማድ ለመለወጥ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ለማቋቋም ሞክሮ ነበር። በሕዝቡ ዘንድ ግን ሥር ሳይሰድ ቀረ። ወደ ውጭ አገር የሄዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ችግር ያውቁታል፤ የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ሣጥን ሲገጥማቸው አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ ወንድማማቾች በአንድ ከተማ በሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም የሚኖሩበት ጊዜ አለ።

የቤተሰብ ስም ያላቸው ሕዝቦችም ቢሆኑ ከእኛው መንደር የተነሡ ናቸው። በአየርላንድና በስኮትላንድ የሚነገረውን የጌይሊክ ቋንቋ ብንወስድ ‹ማክ› ማለት ልጅ፣ ‹ኦ› ማለት የልጅ ልጅ ማለት ነው። ማክ እገሌ መጀመሪያ የእገሌ ልጅ ብቻ ነበር፤ በኋላ ስሙ ረጋና ለልጅ ልጅም የቤተሰብ ስም ሆነ። ከእነዚህ ስሞች መካከል በቅዱሳን አገልጋይነት የወጡት በተለይ ለእኛ ቅርብ ናቸው። ‹ጊሌ› አገልጋይ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጊልክሪስት ገብረ ክርስቶስ፣ ጊልሞር ገብረ ማርያም ነው። ከላሊበላ የመንግሥት ስም ጋር በአንድ ሙያ የተሠሩ ናቸው። ቋንቋውን የማያውቁ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች በጆሯቸው እንደ ሰሙት እየጻፉ ‹ማክ›ንም ‹ኦ›ንም ከብዙ ስም ላይ ጥለዋል፤ ብዙ ስምም ፍቺው የማይታወቅ ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ‹ጊልክሪስት› ግን ሁለቱ ቃላት በአንድ ላይ ስለ ተጋጠሙ ማንም ለሁለት ሊከፍለው አልቻለም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛም ይጠቅማል። ባለ ሁለት ቃል ስሞቻችን ሲቆረጡ የሚደርስባቸው ጉዳት እንደ አገባባቸው ይለያያል። ‹ገብረ›፣ ‹ወልደ›፣ ‹ኃይለ› ዘርፋቸው ከተወሰደባቸው በአየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ የማን አገልጋይ፣ የማን ልጅ፣ የማን ኃይል? አማርኛ ይህን ክፍተት በራሱ ዘዴ ይሞላዋል፤ ገብሬ፣ ወልዴ፣ ኃይሌ ይላል። ነአኩቶ ለአብ ግን ሲቆረጥ ሁለቱ ክፍሎች እኩል አይጎዱም። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ‹ነአኩቶ› ተሳቢውን በ‹ኦ› ይዞ ስለሚሄድ ብቻውን ይቆማል፤ «እናመስግነው»። ጓደኞቹ ተማሪዬን ‹ናኩቶ› ሲሉት ስሙን አሳጠሩት እንጂ አላበላሹትም። ‹ለአብ› ግን ብቻውን ምንም አይደለም፤ ግሱን ያጣ ተሳቢ ነው። ይህን ብቻውን ወስዶ የሰው አባት ማድረግ ቁልፉን ከመቆለፊያው ነጥሎ «ይህ ቤት ነው» እንደ ማለት ይሆናል።

እንግዲህ እንዴት ይጻፍ? በኅትመትና በጥናት ጽሑፍ ‹ነአኵቶ ለአብ› ወይም ‹ነአኩቶ ለአብ› ተለያይቶ መጻፉ ትክክል ነው፤ አገባቡ ይታያልና። በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱን ቃላት ገጥሞ ‹ነአኩቶለአብ› ብሎ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ገብረመድኅንና ተክለሃይማኖት ተገጥመው ሲጻፉ ማንም አይደነግጥም። ግእዙን የሚያከብሩ አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን አይቀበሉትም፤ ዐረፍተ ነገር ገጥሞ መጻፍ ነውር ነው ይላሉ። ዓለማየሁን ሲጽፉ ግን ገጥመው ነው የሚጽፉት። ‹ነአኩቶላብ› የሚለውን አጻጻፍ እኔም አልደግፍም፤ ላቡ ለድንጋዩ ይቅርለት።

ተማሪው የጻፍኩለትን ገጽ ይዞ ሄዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ጽሑፉን ያነበበው ሰው ትርጉሙን ወዶታል፤ ሆኖም «ዐረፍተ ነገር መሆኑን ተረድተናል፣ የምንመዘግበው ግን ስም ነው» ብሎ መልሶታል። ሌላ ገጽ ጻፍኩ። በዚህኛው ሰዋስው አላበዛሁም፤ የይምርሃነ ክርስቶስንና የይኩኖ አምላክን ስም ጠቅሼ የይኩኖ አምላክ አባት ‹አምላክ› ተብሎ ተመዝግቦ ያውቅ እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁ። አዲሱ ወረቀት ሲመጣ ሁለቱ ቃላት በመጀመሪያው ሣጥን ውስጥ ተጨናንቀው ተጽፈዋል፤ የመጨረሻው ‹ብ› መሥመሩን አልፎ ወጥቷል። በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ የአባቱ ስም አለ።